«በሞቴ» የማይወዱት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ የተቀበሩ ዕለት ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅሁ።

ከቀብር መልስ ነው። ቦሌ አራብሳ፣ በሁለት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል በተተከለው የዕድር ድንኳን ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። አንዲት የማላውቃቸው የዕድር እናት ሰሃን ይዘው መጡ። «ትንሽ ቅመሺ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ይቅርብኝ እማማ፣ አልራበኝም» አልኳቸው። ሰሃኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጉና «በሞቴ!» አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ብወትፍም ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። ደግነቱ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ያለቀስኩ መሰላቸውና «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኝ ጀመር።

የሳቅሁት እትዬ አስካለ ይህን ቃል ሲሰሙ ምን ይመልሱ እንደነበር ስለማውቅ ነው። «ቀብሩ መቼ ነው?» ይሉ ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው ገርጂ፣ ትልቅ ቪላ ተከራይቶ በተከፈተ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ «የአረጋውያን ማረፊያ» ይል ነበር። ቤተሰቦች ተቆጡ። «ምን ማለት ነው ማረፊያ? በቁማቸው አረፉ ልትሏቸው ነው?» አሉ። ባለቤቱ ደንግጠው ታፔላውን አስወረዱና «መኖሪያ» አስባሉት። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አመለከቱ። አንድ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ወደ ቦሌ እየወረደ ነበር። «የነሱስ ማረፊያ አይደል እንዴ የሚባለው?» አሉ። «ልዩነቱ እነሱ ካረፉ በኋላ መነሣታቸው ነው።»

አጠር ደልደል ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ የሚያስሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሙሉ መነጽር ፍለጋ የሚያሰማሩ ሴት ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት የአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚዘጋጅበት ትልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ራሳቸው አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። ወጥ የሠሩለት ሰው ግን ያልረገጠው አገር የለም እያሉ ይኮሩ ነበር። ከዚያ ሥራ ያተረፉት ትልቅ ፍልስፍና ደግሞ ስለ ትሪ ነው።

«ሲስተር፣ ትሪው ከበረራ ተመልሶ ሲመጣ አይቼዋለሁ» ይሉኛል። «አንዱ ጠራርጎ በልቶታል። አንዱ ኬኩን ብቻ ቀምሷል። አንዱ ክዳኑንም አልከፈተው። የተቆጣ የለም፣ የለመነ የለም፣ ያኮረፈ የለም። አስተናጋጇ ‹ጨረሱ?› ትለዋለች፣ ‹አዎ› ይላል፣ ታነሣለታለች። ሰው ‹በቃኝ› ሲል የሚታመነው እሰማይ ላይ ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እዚህ ምድር ላይ፣ በተለይ እኛ አገር፣ «ጠገብኩ» የሚለውን ቃል ማን አምኖ ያውቃል? ጠገብኩ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ነው። በእውነት የጠገበ ሰው ይህን የሚያስረዳበት ቃል ገና አልተፈጠረለትም። ቢምል ቢገዘት አንድ ጭልፋ ይጨመርለታል።

ከሁሉ የባሰው ጨማሪ ደግሞ የገዛ ልጃቸው ሰለሞን ነበር። ሰለሞን አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ይሠራል። ጠብደል ያለ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ፣ ከሥራ ሲወጣ ባለ ብዙ ደረጃ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚመጣ ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለውም። እናቱ ጉልበታቸውም ልባቸውም ደክሞ ስለነበር አንዴ ከወጡ በኋላ መውረድ አልቻሉም። ፀሐይ ያዩት በመስኮት፣ ቤተ ክርስቲያን የሰሙት በድምፅ ማጉያ ሆነ። በመጨረሻ «እንደ ልብስ ተሰጥቼ አልቀርም» ብለው ወደ እኛ ቤት የመጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው። ይህን ግን ማን ያምናል? ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰለሞን እናቱን ጣለ።

ሰለሞንም ያን ስም ሊያጥብ የሚሞክረው በምሳ ዕቃው ነበር። ክትፎ ያመጣል፣ ጾም ሲሆን ሽምብራ አሳ ያመጣል፣ አጥሚት ያመጣል። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ይጠቀልላል።

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ።»

«ጠገብኩ ሶሌ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ።»

«እንግዲያው እንጣላ።»

«እማዬ፣ በሞቴ!»

«ቀብሩ መቼ ነው? ጥቁር ቀሚሴን ላስተኩሰው።»

ሰለሞን ይስቃል፤ ቢስቅም እጁን አያወርድም። እትዬ አስካለ መጨረሻ ላይ ይጎርሱለታል። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞረው «ልጄን የማስታምመው እኔ ነኝ» ይላሉ። ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ያመሹ ነበር።

ዶክተር ሄለን የምትባል ወጣት ሐኪም በየሳምንቱ እየመጣች አረጋውያኑን ታያለች። አንድ ቀን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የተማረችው ትምህርት አዲስ ነገር ነው፤ ሰው ገና አእምሮው ሳለ የመጨረሻውን ጊዜ እንዴት ማሳለፍ እንደሚፈልግ ይነጋገርበት የሚል። ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገችና ጀመረች።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሕመም ቢጠናባችሁና መናገር ቢያቅታችሁ ሐኪም ምን እንዲያደርግላችሁ፣ ምንስ እንዳያደርግባችሁ ትፈልጋላችሁ?»

ከዚያ ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛችን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ማን ሊሞት ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዲት እናት «ቱ! ቱ! ያርቅልን!» ብለው ደረታቸው ላይ እፍ አሉ። «ይቺ ልጅ ሐኪም ናት ሟርተኛ?» ከወለጋ የመጡት የቀድሞ አስተማሪ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው «አልቀበለውም፣ በኢየሱስ ስም!» ሲሉ አጠገባቸው ያሉት ኦርቶዶክስ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ «አሜን» አሉላቸው። ዶክተር ሄለን ፊቷ ቀላ።

በዚህ መሐል ሻይና ድፎ ዳቦ ገባ። ሁሉም እርስ በርስ ይገባበዙ ጀመር። «በሞቴ ይቺን ውሰጂልኝ!» «አፈር ስሆን፣ እኔ በልቻለሁ!» «ስሞት አንዷን ብቻ!» «እኔን አፈር ይብላኝ ካልወሰዱ!» ሻይ ተቀድቶ እስኪያልቅ ቤቱ ሬሳ በሬሳ ሆነ።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ዶክተሯን በርኅራኄ አዩዋት። «አትድከሚ ልጄ» አሉ። «እኛ ሞትን የምንጠራው እንጀራ ለማስበላት ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። ዶክተሯም ሳቀች፤ የዕለቱ ትምህርት በዚሁ ተዘጋ። እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ግን እትዬ አስካለ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው እጇን ያዟት። «እኔ እነግርሻለሁ» አሉ። «ምስክር ፈልጊልኝ።»

ይህ ሐሳብ የመጣላቸው ከወዳጃቸው ከእትዬ አልማዝ ነው። እትዬ አልማዝ አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡና ምግብ በአፍንጫ ቱቦ ይሰጣቸው ጀመር። እትዬ አስካለ ሊጠይቋቸው ሄደው ሲመለሱ ለብዙ ጊዜ ነገር አልጣማቸውም። ቱቦውን እየነቀሉ ስላስቸገሩ የእትዬ አልማዝ እጅ በጨርቅ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ ነበር። ልጆቻቸው ዙሪያውን ቆመው በእንባ ያመሰግኑ ነበር፤ እናታችን እህል ገባላት ብለው። «ያ ቱቦ እኮ» አሉኝ እትዬ አስካለ በመጨረሻ፣ «የላስቲክ ‹በሞቴ› ነው። የሚለየው መልስ አለመስማቱ ነው።»

በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ዶክተር ሄለን፣ እኔና ጋሽ ተሰማ። ጋሽ ተሰማ «ኑዛዜ ያለ ምስክር አይጸናም» ብለው ኮታቸውን ለብሰው ነው የመጡት። እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተናገሩ።

«አፌን የዘጋሁ ቀን ጠግባለች በሉ። ከንፈሬን ውኃ አርሱልኝ፣ ሕመሙን አስታግሱልኝ፣ የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ። አፌን ግን አትክፈቱብኝ፤ በአፍንጫዬም ዞራችሁ አትግቡ።»

ጋሽ ተሰማ ቃሉን ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ ደገሙት። ዶክተሯ ደስ ብሏት «እርስዎስ ጋሽ ተሰማ? የርስዎንም እንነጋገር» አለቻቸው። «እኔ?» አሉ፤ ከቤቱ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። «እኔ ገና ምን ሆኜ!» ኮታቸውን ቆልፈው ገቡ።

አሁን የቀረው ሰለሞን ነበር። እትዬ አስካለ «ለሱ እኔው እነግረዋለሁ፣ ከእናንተ አፍ አይስማው» አሉን። ሊነግሩትም ሞከሩ። ሲሞክሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

«ሶሌ፣ እኔ የሞትኩ እንደሆነ…»

«እማዬ ሟርት ተዪ! ይልቅ ይቺን ጉረሺ።»

«ስማኝ እንጂ፣ መናገር ያቃተኝ ዕለት…»

«ቆይ ይቺን ዋጪና ትነግሪኛለሽ። በሞቴ!»

ይውጣሉ። ሲውጡ ሁለተኛው ጉርሻ ተጠቅልሎ ይጠብቃቸዋል። በዚህ መልክ አንድም ቀን አረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ክረምት ወጣ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ቀሚሳቸውን ሲለብሱ ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል ቆይተው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ተይዟል፣ ንግግራቸው ተጎትቷል፣ ልባቸውም ከድሮው ይበልጥ ደክሟል። የከበደው ግን መዋጥ ነበር። አንድ ማንኪያ ሾርባ ትን ብሏቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ዘጉ። ማንኪያ ሲጠጋቸው ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

ሰለሞን ቱቦ ይግባላት አለ። ዶክተር ሄለን ቢሮ አስቀመጠችውና እናቱ የተናዘዙትን ነገረችው። እኔና ጋሽ ተሰማም ነበርን። ያን ለስላሳ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ሲያደርግ ሰማሁት።

«እናቴን በረሃብ ልግደል ነው የምትዪኝ? አንቺ እናት የለሽም?»

«አቶ ሰለሞን፣ እዚህ ደረጃ ላይ ረሃቡ እኛ እንደምናውቀው አይሰማቸውም። ቱቦው ሕመሙን አያድነውም…»

«ሰፈር ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ጣላት አሉኝ፤ እሺ ቻልኩት። አሁን ደግሞ ሳያበላ ገደላት ልባል?» ወደ እኛ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ለእናንተ ከነገረች ለእኔ ለልጇ ለምን አልነገረችኝም?»

ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «መቼ አስነገርካትና?» አሉ። «አፏ ውስጥ ሁልጊዜ ያንተ ጉርሻ ነበር።»

ዶክተሯ ዝግ ብላ «አሁንም ይሰማሉ፣ ትንሽም ይናገራሉ። ራስዎ ይጠይቋቸው» አለችው። ሰለሞን ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ልከለክለው አስቤ ነበር፤ ትን ብሏቸው እንዳይሞቱበት ፈራሁ። ግን አብሬው ገብቼ እግርጌ ቆምኩ።

አልጋው ጠርዝ ላይ እንደ ወትሮው ተቀመጠ። አጥሚቱን ከፈተ። ማንኪያውን ወደ አፋቸው አቀረበ።

«እማዬ። እኔ ነኝ። አንዴ ብቻ።»

ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«እማዬ፣ በሞቴ። በሞቴ።»

ወደ ግድግዳው አልዞሩም። ደህና በሆነው በግራ እጃቸው አንጓውን ያዙትና ማንኪያውን ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱት። ለመናገር ብዙ ታገሉ። ቃሉ ተሰባብሮ ወጣ፤ ነገር ግን ሁለታችንም ሰማነው።

«ሶሌ… በሞቴ… ተወኝ።»

ያን ቃል ከእትዬ አስካለ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀብሩ መቼ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሰለሞን ማንኪያውን ምሳ ዕቃው ውስጥ መለሰ። ክዳኑን ሲገጥም አልገጥም ብሎት ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮአቸው ሥር «ጠገብሽ?» አላቸው።

«ጠገብኩ።»

አመናቸው። ግንባሩን እጃቸው ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ እኔም ከአልጋው እግርጌ አለቀስኩ። ነርስ በሥራ ሰዓት አታልቅስ ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሰው እዚያ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ የቆዩት ጥቂት ቀን ነው። ዶክተሯ ማስታገሻውን አስተካከለችላቸው፣ የነፍስ አባታቸው መጥተው ጸለዩላቸው። ሰለሞን ያለ ምሳ ዕቃ ይመጣ ጀመር። ባዶ እጁን መምጣት አልለመደምና በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ። በውኃ የራሰ ጥጥ ሰጠሁትና ከንፈራቸውን እንዴት እንደሚያርስ አሳየሁት። ከዚያ ወዲያ እኔን አላስነካኝም። እያረሰ ስለ ሥራው ያወራላቸዋል። ስንት ካርቶን ጽጌረዳ እንደጫኑ፣ አበባው እንዳይጠወልግ ምን ያህል ቀዝቃዛ ቤት እንደሚቀመጥ፣ ነገ የት አገር ሱቅ ውስጥ እንደሚሸጥ። ያን ያህል ዓመት ሲመላለስ እናቱን ስለ ሥራው ያወራቸው ያኔ ነው። ድሮ ጊዜውን ምግብ ይወስደው ነበር። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል፤ አንዳንዴ በግራ የከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ ይላሉ። አንድ ረፋድ ላይ ስለ አበባው እያወራላቸው ሳለ አረፉ። ወሬውን ሳያቋርጥ ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ሳቄን በነጠላዬ እንደምንም ቀብሬ ቀና ስል የዕድሯ እናት ሰሃናቸውን ይዘው አሁንም እፊቴ ቆመዋል። እዚያ ማዶ ከተቀመጡት አንዷ ሰለሞንን ጠርተው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ይጠይቁታል። «ለመሆኑ እናትህ በስተመጨረሻው እህል ይወስዱ ነበር?»

ሰፈሩ ሲጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። ሰለሞን ጋቢውን አስተካከለ።

«ጠግባ ነው የሞተችው» አለ።

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡና «ተመስገን! ልጅ መውለድ ለዚህ ነው» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ተሰማ ጥግ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው መሬቱን አንዴ መታ ሲያደርጉ አየኋቸው።

የዕድሯ እናት ግን እኔን አልረሱም። «ሰለሞን፣ ና እስቲ አንተ ንገራት! ይቺ ልጅ እህል አልቀምስም ብላ አስቸገረችኝ» አሉ። መጣ። ሰሃኑን ከእጃቸው ተቀበላቸው። ከላዩ ቆርሶ ጠቀለለ፤ እጁ ለምዶበታል። ወደ እኔ ሲያቀርብ ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሁላችንም ጠበቅነው።

ጉርሻውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አኖረው። ሰሃኑን አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠልኝ።

«ካልራበሽ ተዪው፣ ሲስተር» አለኝ።

«ውይ! እንዲህ ተብሎ ይጋበዛል?» አሉ የዕድሯ እናት ደንግጠው።

ሰሃኑን አነሣሁና ሙልጭ አድርጌ በላሁ።